አሰገደችና የጎደለው ውሃ

አሰገደችና እኔ በአንድ ክሊኒክ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ ላቦራቶሪ፣ እኔ እስከዳር ምክር ክፍል። በመካከላችን አንድ ግድግዳ፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ እጅ ብቻ የምታሳልፍ መስኮት ነበረች። እሷ በመስኮቷ የውጤት ወረቀት ታቀብለኛለች፤ እኔ ወረቀቱን አንብቤ ፊት ለፊቴ ለተቀመጠው ሰው እነግረዋለሁ። ክሊኒኩ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የቆመ፣ በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚተዳደር ነበር። ዛሬ ተዘግቷል።

አሰገደች የይጁቤ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። ከባሕር ዳር የላቦራቶሪ ዲፕሎማ ይዛ ስትመለስ አገባች። ባሏ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ወረደና በዚያው ቀረ። ሌላ ሴት ይዟል ተባለ፤ ቆይቶ ታሟል ተባለ፤ ኋላ ሞቷል ተባለ። ይህን የሰማች ዕለት በር ዘግታ ከገዛ ክንዷ ደም ቀዳችና መረመረች። ነፃ ነበረች። ይህን የነገረችኝ ከተዋወቅን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም እንደ ቀልድ አድርጋ፦

“እኔ በዕድል ነው ያመለጥኩት እስኬ። ከዚያ መስኮት ወዲያ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚመስለኝ።”

ምላሷ ስለት ነበር። የተዝረከረከ ነገር አትወድም። ደም ያለበትን ብልቃጥ ስሙን ሳይጽፍ ያስቀመጠ ሰው አንድ ሳምንት አታናግረውም። እጇ ግን፣ ስለ እጇ ልንገራችሁ። ደም በፒፔት፣ በመምጠጫዋ ቀጭን ቱቦ፣ ስትቀዳ ቆሜ የማየው ሥራ ፈትቼ አልነበረም። ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፋ ትስባለች፤ የጫፉን ውጭ በስስ ወረቀት ትጠርጋለች፤ ከዚያ አናቱን በአውራ ጣቷ እስከ መጀመሪያው መቆሚያ ብቻ ትጫናለች። የተረፈችው ጠብታ ጫፉ ላይ ቀርታ ትጣላለች።

“ለምን አትጨርሽውም?” አልኳት አንድ ቀን።

“እስከ መጨረሻ የጫነ ሰው አረፋ ይነፋል” አለችኝ ቀና ሳትል። “አረፋ ደግሞ ውሸት ነው። ቦታ ይይዛል እንጂ ምንም የለበትም።”

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በዚያን ጊዜ የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት የኤች አይ ቪ ቫይረስ ላለበት ሁሉ አይሰጥም ነበር። ሰውነትን የሚጠብቁት የደም ሴሎች ይቆጠራሉ፤ ሲዲ ፎር የምንለው ማለት ነው። በሽታው አልጋ ላይ ካልጣለው በቀር፣ ቁጥሩ ከሁለት መቶ በታች የሆነ ሰው መድኃኒት ይጀምራል፤ ሁለት መቶና ከዚያ በላይ የሆነ “ገና ነህ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ” ይባላል። ለመቁጠር ደግሞ የተመጠነች ደም በተመጠነ ማቅጠኛ ፈሳሽ መቅጠን አለባት። ፈሳሹ ከጎደለ ደሙ ይወፍራል፤ ደሙ ሲወፍር ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ከፍ ያለ ቁጥር የያዘ ሰው መድኃኒት አያገኝም። “ገና ነህ” የምለው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሴል መቁጠሪያ ማሽን መጣ። ሌላ አገር ሲሠራበት ቆይቶ፣ ታድሶ ለእኛ የተላከ ነው። በእጇ አቅጥና በማይክሮስኮፕ ስትቆጥር አሰገደች በቀን ከሃያ ሰው በላይ አትችልም ነበር፤ በሽተኛው ግን በቀን ስልሳ ደርሶ ነበር፣ ከጉንደ ወይን፣ ከቁይ፣ ከየገጠሩ። ማሽኑ ራሱ ደም ይስባል፣ ራሱ ማቅጠኛውን ይጨምራል፣ ራሱ ይቆጥራል፣ ራሱ ያትማል። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ አምደሚካኤል ሪባን ቆረጡ፤ ፎቶ ተነሣን። የተከለው ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሦስት ቀን አሠለጠነንና ሄደ። ከአንድ ሳምንት በኋላ አሰገደች በመስኮቷ እጇን አውጥታ ጣቶቿን እያፍታታች አሳየችኝ።

“አየሽ? ዐርፏል እኮ።”

ደስ ብሏት ነበር። ይህን ማለት አለብኝ፤ ኋላ ብዙ ሰው “ማሽኑን ከመጀመሪያው ጠልታው ነበር” ብሎ አውርቷልና።

ማሬን ያየኋት በዚያው ዓመት በጥር ወር ነው። የቁይ ሴት ናት፤ ጌሾና በርበሬ ትቸረችር ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ከታላቅ ወንድሟ ከእንዳላማው ቤት ነበር የምትኖረው። ከማሽኑ በፊት፣ በሰኔ፣ በአሰገደች እጅ ስትቆጠር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ነበረች። አሁን ወረቀቱ ላይ ሁለት መቶ ሃያ አንድ ይላል።

“ማሬ እንኳን ደስ አለሽ” አልኳት። “ጨምረሻል።”

ወረቀቱን ተቀብላ ገለበጠችው፤ ማንበብ አትችልም። ከዚያ ቀሚሷን ከወገቧ ላይ ሰብሰብ አድርጋ በጭብጧ ያዘችና አሳየችኝ።

“ታዲያ ቀሚሴ ለምን ይሰፋኛል ሲስተር?”

“ሐሳብ ነው። በደንብ ብዪ፣ አትጨነቂ።”

“እሽ” አለች። ሰው አክባሪ ነበረች፤ አልተከራከረችኝም። የሐምሌን ቀጠሮ ጻፍኩላት።

እሷ እንደወጣች አሰገደች በመስኮቷ ጠራችኝ።

“ይቺ የቁይዋ ሴት መድኃኒት ጀምራለች እንዴ?”

“አልጀመረችም።”

“ታዲያ በምን ጨመረች? ይህ በሽታ ያለ መድኃኒት ወደ ኋላ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።”

የማሬን ደም ደግማ አስገባችው። መቶ ዘጠና ስምንት ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ አስገባችው፤ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት። ወረቀቶቹን ይዛ ወደ አቶ አምደሚካኤል ሄደች። ብዙም አልቆየች። ማሽኑ በየጠዋቱ መፈተሻ ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ በየጠዋቱም ያልፋል፤ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ንባብ ነው፤ መመሪያው እንዲህ ይላል ብለዋታል።

“ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም” አለችኝ ተመልሳ። “እኔ በቀን ሃያ ነው የምሠራው። እሱ መቶ ይሠራል። ማን ነኝና።”

ሁለት መቶ ሃያ አንድ ብላ መዘገበች። እኔም ረሳሁት። እሷ ግን፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ሴት መንገድ ላይ እንኳ የምታያት ይመስላት ነበር።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት፣ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ ክፍሌ ገባ። ወንበር ብሰጠው አልቀመጥ አለ። ከኪሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። የእኛ ካርድ ነው።

“የእኅቴ ነው። የማሬ። የመንግሥት ንብረት ነው ብዬ ልመልስ መጣሁ።”

እንዳላማው ነበር።

“ምን ሆነች?” አልኩት፤ ነገሩ ገብቶኝ ሳለ።

“በግንቦት ልደታ ማግስት ቀበርናት።”

“እግዜር ያጥናችሁ። ለምን ሲብስባት ቶሎ አላመጣችኋትም?”

ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። ግራ ገብቶት ብቻ አየኝ።

“ልናመጣት ነበር እኮ። እሷ ናት እንቢ ያለች። ‘ሲስተሯ ጨምረሻል ብላኛለች፣ ቀጠሮዬ ሐምሌ ነው፣ ሳይደርስ ብሄድ ሰው ይታዘበኛል’ ትላለች። ስታስል፣ ሲያልባት፣ ‘ቁጥሬ ደህና ነው’ ትላለች። እኛም ቁጥሩን አመንን።”

ከመስኮቷ ወዲያ የአሰገደች እንቅስቃሴ ቆሞ ነበር። ሰምታለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አሰገደች አንድ ነገር አደረገች። የአንድ ሰው ደም መርጣ ያንኑ ደም ዐሥር ጊዜ በማሽኑ፣ ዐሥር ጊዜ በእጇ ሠራችው። በእጇ ከመቶ ሰባ ስምንት እስከ መቶ ሰማንያ ሦስት ባለው መካከል ወጣ። በማሽኑ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሁለት መቶ አራት፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ መቶ ዘጠና ሰባት እያለ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። አንድ ሰው ነው፤ አንድ ክንድ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ነው። ከዐሥሩ በአምስቱ መድኃኒት ይጀምራል፣ በአምስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አቶ አምደሚካኤል ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ደክሟቸዋል፤ በዚያ ወር የድርጅቱ ጎብኚዎች ሊመጡ ነበር።

“አሰገደች፣ መፈተሻውን ማለፉን ምን ታደርጊዋለሽ?”

“እሱን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ” አለች በማግስቱ ተመልሳ። “መፈተሻው ፈሳሽ ከፋብሪካው የሚመጣው ቀጥኖ ነው። ማሽኑ ቆጥሮ ብቻ ይለቀዋል። ማቅጠኛውን የሚገፋው ሲሪንጅ እሱ ላይ አይሠራም። የሚፈተሸው ዓይኑ ነው እንጂ እጁ አይደለም ጋሼ። ዓይኑ ደህና ነው። እጁ ነው የታመመው።”

“ይህን በምን ታረጋግጫለሽ?”

“በሚዛን።”

ሚዛን ግን አልነበረንም። የመድኃኒት ክፍሉ ሚዛን ተሰብሮ ከርሟል፤ የተቀረው ሕፃናት የሚመዘኑበት ነው። አሰገደች ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ሐጂ ጀማለዲን የሚባሉ ወርቅ ነጋዴ አሉ፤ ከአባታቸው የወረሱት ሱቅ ውስጥ አዲስ የኤሌክትሪክ ሚዛን አላቸው። የግራምን መቶኛ ይለያል።

“ሐጂ፣ ሚዛንዎን ለአንድ ቀን ያውሱኝ” አለቻቸው።

“ወርቅ አገኘሽ እንዴ ልጄ?”

“ውሃ ልመዝንበት ነው።”

ሳቁ። ከዚያ ፊቷን አዩና ሳቃቸውን ተዉት። እሷም የሰው ስም ሳትጠራ፣ በሽታውን ሳትጠራ፣ ማሽን ፈሳሽ እያጎደለ ሰው እንደተጎዳ ነገረቻቸው። 

“ሚዛን አይዋስም” አሉ ሐጂ። “መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ያብዳል። እኔው ይዤው እመጣለሁ።”

እሑድ፣ ክሊኒኩ ዝግ በሆነበት ቀን፣ ሚዛኑን በጭናቸው ላይ ታቅፈው በባጃጅ መጡ። ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ከእግሩ ሥር ካርቶን አስገቡበት። መስኮቱን አዘጉን። መጀመሪያ ከኪሳቸው የታወቀ ክብደት ያላት ትንሽ ናስ አውጥተው አኖሩበት፤ ሚዛኑ ልክ አለ። “አሁን ማንም ወደዚህ አይተንፍስ” አሉ።

አሰገደች ማሽኑን ያለ ደም፣ በማቅጠኛው ፈንታ የተጣራ ውሃ ሰጥታ፣ ዐሥር ጊዜ እንዲገፋ አዘዘችው። ዐሥሩ ተደምሮ አራት ተኩል ግራም መሆን ነበረበት። ሐጂ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ሦስት ነጥብ ዘጠና አራት። ደገመችው፤ አራት ነጥብ ሃያ አንድ። ሦስተኛ፤ ሦስት ነጥብ ሰማንያ ሰባት። ከዚያ በእጇ በፒፔት ዐሥር ጊዜ ቀድታ አስመዘነች። አራት ነጥብ አርባ አምስት፤ አራት ነጥብ አርባ አራት፤ አራት ነጥብ አርባ ስድስት።

“የአንቺም ጎድሏል” አሉ ሐጂ።

“አዎ፣ ጻፊው” አለችኝ እኔን። “የኔም ከመቶ አንድ ጎድሏል፤ ይጻፍ።” ያ ለምን እንደሆነ ኋላ ባለሙያው ነው የነገረን፤ ፒፔቱ የተስተካከለው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፣ እኛ ደጋ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፣ የሚስበው ትንሽ ያንሳል። አሰገደች ቀጠለች፤ “የኔ ግን ሁልጊዜ ያችኑ ነው የሚያጎድል። እሱ እኩል ቢያጎድል ኖሮ አስልቼ እመልሰው ነበር። አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ነው የሚያጎድለው። ይህን በምን ታርሚዋለሽ?”

የሲሪንጁን ክዳን ፈታችው። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት በአንድ ጎኑ ተበልቶ፣ ዙሪያው ነጭ ጨው ጋግሮበታል። በዚያች ስንጥቅ ነበር አየር የሚገባው፣ ውሃውም የሚያፈገፍገው። ቀለበቷ ከጣት ቀለበት ታንሳለች። ሐጂ ጀማለዲን በመዳፋቸው ላይ አድርገው በማጉያ መነጽራቸው አዩዋት።

“ይህች ናት?” አሉ።

 አሰገደች ወደ ግድግዳው ዞራ ቆማ ነበር። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ አቶ አምደሚካኤል የማሽኑ ሲሪንጅ እንዲቆም ፈቀዱ። መለዋወጫ እስኪመጣ ማቅጠኑ በእጅ፣ መቁጠሩ ብቻ በማሽኑ እንዲሆን ተስማሙ። በሩ ላይ ግን “በመብራት ችግር ምክንያት ውጤት ይዘገያል” የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ። አሰገደች መዝገቡን ገልጣ አንድ ጥያቄ አመጣች። ከኅዳር እስከ ሰኔ ከሁለት መቶ እስከ ሁለት መቶ አርባ የተነበበላቸው አርባ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

“እነዚህ ይጠሩ። ደማቸው ይደገም።”

“በቀጠሯቸው ሲመጡ ይደገማል” አሉ።

“ቀጠሯቸው እስከ ታኅሣሥ የሚሄድ አለ ጋሼ። እስከዚያ የሚቆዩ ይመስልዎታል?”

“አሁን ብንጠራቸው ለምን ተጠራን ይላሉ። ማሽኑ ዋሽቷል ብንል ነገ ማንም ሰው ደሙን አይሰጠንም። ስንት ዓመት ለፍተን ነው ሕዝቡ ማመን የጀመረ። ለአርባ ሰው ብለን ሺውን እናጣለን።” ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። የሚሉትን ያምኑበታል። ዛሬም ቢሆን ሐሳባቸው ምንም ሚዛን የለውም ልል አልችልም።

አሰገደች ስሞቹን በደብተር ገለበጠች። በየቅዳሜና በየእሑዱ እሷና እኔ በአውቶቡስ፣ አውቶቡስ በማይደርስበት ደግሞ በእግር፣ እነዚያን ሰዎች መፈለግ ጀመርን። ሐምሌ ነው፤ ጭቃው ጫማ ይነቅላል። ከምን እንደመጣን መናገር አንችልም፤ የክሊኒካችንን ስም መጥራት የሰውን ምስጢር ማውጣት ነው። አንዳንዱ ቤት የሩቅ ዘመድ ነን እንላለን፤ አንዳንዱ ቤት በርበሬ ገዢ ነን እንላለን። ጉንደ ወይን ላይ አንዲት ሴት ገና ስታየን ገብቷት፣ ከአማቷ ፊት “ውይ ያክስቴ ልጆች!” ብላ ተጠምጥማ ሳመችን፤ በጆሮዬም “ምን ሆኜ ነው?” አለችኝ። ሰኞ መጣች። መቶ ስልሳ ሦስት ነበረች።

ሌላ ቤት ስንደርስ ድንኳን ተተክሎ አገኘን። ለለቅሶ የመጣን መስሏቸው አስቀመጡን። የሟቹ እናት ደረት እየመታች የልጇን ስም ስትጠራ፣ አሰገደች ደብተሯን ከነጠላዋ ሥር በሁለት እጇ ይዛ፣ እስከ ቀትር አብራ ተቀመጠች። ስትነሣ ከስሙ ጎን አንዲት ሰረዝ አደረገች። 

በመስከረም ስንጨርስ ከአርባ ሦስቱ ስምንቱ ሞተዋል። አምስቱን አላገኘናቸውም። ሠላሳዎቹ መጥተው ደማቸውን ሰጡ፤ ከእነሱ ዐሥራ ዘጠኙ ከሁለት መቶ በታች ሆነው መድኃኒት ጀመሩ። በሥራ ቀን ደግሞ አሰገደች የስልሳውን ሰው ደም ብቻዋን በእጇ ታቀጥን ነበር፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ። መለዋወጫዋ ቀለበት ለመምጣት አራት ወር ፈጀች። በሦስተኛው ወር ላይ የቀኝ አውራ ጣቷ ሥር አብጦ በጨርቅ ታስረው ጀመር። እየጠዘጠዛት በግራ እጇ እንጀራ ስትቆርስ አይቻለሁ። “ዕረፊ” ስላት “ለማን ልስጠው?” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሌላ እጅ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ፣ ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ፣ “ቁይ እንሂድ” አለችኝ።

“ቁይ ማን ቀረን?”

“እንዳላማው።”

“ማሬ ሞታለች አሰገደች። ለእሱ ምን ልትነግሪው ነው?”

“የሆነውን።”

እንዳላማውን ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘነው፤ ገብስ እያሰጣ ነበር። ወንበር አወጣልን። አሰገደች አልተቀመጠችም። ማሽኑን፣ ቀለበቷን፣ ማቅጠኛውን፣ በጥር የወጡትን ሦስት ንባቦች አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

“ያን ቀን አንዱ ንባብ መቶ ዘጠና ስምንት ብሎኝ ነበር” አለችው። “እሱን ጽፌ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ መድኃኒት ትጀምር ነበር። የጻፍኩት ግን ሌላውን ነው። ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ተጠራጥሬ ጻፍኩት።”

እንዳላማው እጁን ከገብሱ ሳያወጣ ጠየቀ።

“ብትጀምር ትድን ነበር?”

“አላውቅም። ብዙዎቹ ድነዋል።”

“እናንተ ለምን መጣችሁ ታዲያ? ልትሞት ስትል አልመጣችሁ። አሁን ምን ላድርገው ይህንን? የት ልክተተው?”

 ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ማን እንደመጣ ጠየቀች። “መንገደኞች ናቸው” አላት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “በሉ ሂዱ” አለን። ሄድን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ አመለከተ። አልፈርድበትም። ክሊኒኩ ተጠየቀ፤ የድርጅቱ ሰዎች መጡ። ሁለት ቀን ስብሰባ ተቀመጥን። የተጠየቀው ማሽኑ ለምን እንዳጎደለ አልነበረም፤ የክሊኒኩን ጉዳይ ማን ወደ ውጭ እንዳወጣው ነበር። አሰገደች ተነሥታ “እኔ ነኝ” አለች። አቶ አምደሚካኤል ወደ እኔ ዞረው “ሲስተር እስከዳር፣ አንቺስ አብረሻት ነበርሽ?” አሉኝ።

ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ባሌ ሥራ አልነበረውም። ይህን የምለው ማመካኛ ይሁነኝ ብዬ አይደለም። “በሽተኛ ለመጠየቅ ብቻ ነው የሄድኩት፤ ስለሌላው አላውቅም” አልኩ። አሰገደች አላየችኝም። ቃለ ጉባኤው ሲዞር ፈረምኩ።

ከላቦራቶሪው አንሥተው ካርድ ክፍል መደቧት። የአራት ወሩን ሥራዋን ግን መጣል አልቻሉም። ቀለበቷ መጥታ ስትገጠም፣ ማሽኑን የተከለው ባለሙያ የአሰገደችን ደብተር አይቶ ተገርሞ፣ ማሽኑ በየሰኞው በውሃ እንዲመዘን፣ አንድ ደም በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንዲገባ፣ ልዩነቱ ከመቶ ሦስት ካለፈ ሥራ እንዲቆም አዘዘ። ሚዛንም ላከልን። ሐሳቡ የማን እንደሆነ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ልክ ሠራ። ከዚያ ሰኞ ሰኞ መመዘኑ ተረሳ፤ ከዚያ ማሽኑም ቆመ።

አሰገደች በካርድ ክፍል ሦስት ወር ቆይታ ለቀቀች። ይጁቤ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች፤ ሽንትና ሰገራ መመርመር፣ ወባ ማየት። ስትሄድ አልሸኘኋትም። ያለቀስኩት ቀድሞ፣ ከላቦራቶሪው በተነሣች ሳምንት፣ በመስኮቷ በኩል የማላውቀው እጅ ወረቀት ሲያቀብለኝ ነበር።

እንደገና ያገኘኋት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። አዲስ መመሪያ ወጥቶ፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ቁጥር ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መድኃኒት እንዲጀምር ተባለ። መመሪያውን ለማስተማር ወደ ይጁቤ ተላክሁ። አሰገደች ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ የቀኝ አውራ ጣቷ እንደ ተጠመዘዘ ቀርቷል። እስክሪብቶ የምትይዘው በሌሎቹ ጣቶች ነው።

ሲያልቅ ወደ እሷ ሄድኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። “ይቅር በይኝ” ልላት ብዬ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“ከእንግዲህ ቁጥር አይጠበቅም ማለት ነው?”

“አይጠበቅም።”

“ሁለት መቶ የሚባል ነገር የለም?”

“የለም።”

ደጋግማ ራሷን ነቀነቀች። “እነዚያ ስምንቱ ይህን ቢሰሙ” አለች፤ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ስለ ስብሰባው እንድናነሣ ትፈልግ እንደሆነ ፊቷን አየሁት፤ አትፈልግም ነበር። ልጆቼን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እንዳላማው አምና ሞተ አለችኝ፤ በለቅሶው ላይ ተገኝታ ነበር፤ በሩቁ ቆማ እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅኳትም።

ከበረንዳው ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት የሰገራ ዕቃ ይዛ ትጠብቃት ነበር። አሰገደች ተነሥታ ዕቃውን ተቀበለች፤ ስሙ እንዳልተጻፈበት አይታ ሴትየዋን ተቆጣቻት፤ ከዚያ የሕፃኑን ስም ጠየቀች።